ያለ እሳት የጋለው ክምር

ውጭ ዝናብ ነው። የልጄ ልጅ የኬሚስትሪ ጥያቄዋን እየሠራች «ሙቀቱ መውጫ ካጣ ለውጡ ይፈጥናል» ብላ ስታነብ ደነገጥሁ።

ልጅ ሆኜ የቡ በምትባል የቡና አገር ሳለን እንዲሁ ዘነበና የዓመት ኑሯችንን፣ ቀዩን ቡና፣ እንደረጠበ ቤት ውስጥ ከመርነው። አያቴ «እጅህን ክተት» አሉኝ። እስከ ክርኔ ከተትሁ። ወባ እንደያዘው ሰው ይተኩሳል፤ ከሥሩ ግን እሳት የለም።

«ጂኒ ነው!» ብዬ ጮህሁ።

«የምን ጂኒ! ራሱን እየበላ ነው። በትኑት፣ ይተንፍስ!» አሉ። መደቡም መስገጃውም ላይ በተንነው። ይትረፍ አይትረፍ ማንም አላወቀም፤ አያቴ እየዳሰሱ «ያ ረቢ» ይላሉ።

«አባባ፣ ምን ሆኑ?» አለች የልጄ ልጅ ከደብተሯ ቀና ብላ።

«ጓዳ ያለው ጆንያ ሰሞኑን ከዝናብ ያስገባነው እርጥብ ቡና ነው፤ እስቲ እጅሽን ክተቺበት» አልኋት። እኔ አልደፈርሁም። እየሳቀች ገባች። ሳቋ ሲቋረጥ እኔ ቡናው የሚበተንበትን መስገጃ ዘረጋሁ።