የወፍጮው መመሪያ ሁለት ጸሐፊዎች

መቱ ከተማ ገበያ ዳር የናፍጣ ወፍጮ እሸጥ ነበር። መመሪያው በቻይንኛ ብቻ ስለሚመጣ፣ መካኒኬንና ፍርድ ቤት ደጅ ማመልከቻ የሚጽፉትን ጋሼን አንድ ወንበር ላይ አስቀምጬ በአማርኛም በኦሮምኛም አስጻፍኩ። መካኒኩ የሞተር ድምፅ ሰምቶ ያክማል፤ ስሙን ሲጽፍ ግን ያልበዋል። ጋሼ የድንበር ክርክር ሲጽፉ ዳኛ ያስለቅሳሉ፤ ከወፍጮ የሚያውቁት ግን ዱቄቱን ነው። እውቀት ከአንዱ፣ ቃል ከሌላው፤ ምን ይጎድላል አልኩ።

የጎደለውን ያገኘው የኖፓ ወረዳ ደንበኛዬ እጅ ነው። ሞተሩን ከወፍጮው የሚያያይዘው የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጊያው፣ ከመዘውሩ ሲሸሽበት ወረቀቱን አነበበ፦ «በመዳፍ ገፋ አድርገው ይመልሱት።» ገፋ አደረገ። ሞተሩ እየዞረ ነበር። ሦስት ጣቱን ከዱቄት ውስጥ ለቀሙለት።

ወንድሞቹ ዱላ ይዘው ሱቄ ገቡ።

«ባሬሳው የታል? ይሄን የጻፈው!» መስታወቴ ረገፈ።

መካኒኩ ወደ ጋሼ ጠቆመ። «እኔ ብዕር አልነካሁም፤ እሳቸው ናቸው!»

«ያልነገርከኝን ከየት ላምጣ፣ አንተ ዘይት ጠጪ!»

«ሞተር ሳይጠፋ እጅ እንደማይገባ ፍየልም ታውቃለች!»

«ታዲያ ከፍየሏ አታገናኘኝም ነበር!»

መካኒኩ የጋሼን አንገት አነቀ፤ እሳቸው በከዘራ ግንባሩን ፈለጡት። ሊደበድቡ የመጡት ወንድማማቾች ገላጋይ ሆኑ። የመጡበት ትዝ ሲላቸው ግን ሁለቱንም ወቀጧቸው። እኔንም አልረሱኝም፤ ጎድኔ ዛሬም ዝናብ ሲመጣ ቀድሞ ይነግረኛል።

ሽማግሌዎች ሊያስታርቁን ሲቀመጡ ተጎጂው ከካሳው በላይ አንድ ነገር ለመነ። ያዮ ወረዳ ያለው አማቹ ያንኑ ዓይነት ወፍጮ፣ ከነወረቀቱ ገዝቶ፣ ሊያስነሳ ነው። መመሪያው እሱ እያየ እንደገና ይጻፍ አለ።

ሱቅ በር ላይ ወፍጮ አቆምን። መካኒኩ ማብራራት ሲጀምር ተጎጂው በፋሻ የተጠቀለለ እጁን አወዛወዘ።

«አታውራ። ስትመልሰው አሳየኝ።»

ሞተሩ ተነሳ፤ ቺንጊያው እንዲሸሽ አደረጉት። የመካኒኩ ቀኝ እጅ ወደ ቺንጊያው ሲሄድ ግራው ቀድሞ ማጥፊያውን ተጫነ። እሱ ራሱ አላስተዋለውም። ተጎጂው በደህና እጁ ያንን ግራ አንጓ ጨምድዶ እስኪያቃስት ጠመዘዘው።

«ይቺን! ይቺን ነው ያልተናገርካት!»

ጋሼ ባበጠ ዓይናቸው ወረቀቱ ላይ አጎነበሱ። «የት ላድርጋት፣ ልጄ?» አሉ ተጎጂውን።

«ከሁሉም በላይ፣ ጋሼ። መግቢያው ላይ የጻፉትን ሰላምታም ይተዉት።»