ማናንግ ቲባ ማስታወቂያውን ከቤቷ ያስወጣችበት ክረምት

ታታይ ኢሞ ሁለት የእግር ጣቶቻቸው በተቆረጡ ማግስት ልጃቸው፣ ጎረቤቴ ማናንግ ቲባ፣ በሬን ሳታንኳኳ ገባች። እኔ ሽመና ላይ ነበርኩ። መወርወሪያውን ከእጄ ሳላስቀምጥ ባዶ የጠብታ ጠርሙስ በተዘረጋው ድር ላይ አኖረችብኝ።

«ይህን ማን ተቀበለ?» አለች።

እኔ ነኝ አልኳት። ሁለት ጊዜ ነው የተቀበልኩት። ዕቃ አድራሹ በሞተር ሲመጣ እሷ ገበያ ነበረች። ታታይ ኢሞ በአጥሩ በኩል ጠርተው፣ ቫይታሚን ነው፣ እግሬን አሞኝ መነሳት አልቻልኩምና ተቀበይልኝ አሉኝ። ተቀብዬ በአጥሩ ላይ አሻገርኩላቸው። የሰማንያ ስድስት ዓመት ሰው ቫይታሚን አዘዘ ብዬ ምን ልጠርጥር?

«ሁለት ጠርሙስ» አለች ቲባ። «ሁለት ጣት።»

ወጣች። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ አላናገረችኝም።

እኛ የትንሿ ከተማ የጊምባል ሰዎች ስንናገር እንጮኻለን እየተባልን በትልቁ ከተማ በኢሎይሎ ሰዎች እንታማለን። እነሱ ሲቆጡ እንኳ ሕፃን የሚያባብሉ ነው የሚመስሉት። ቲባ ግን በጣም ስትቆጣ ድምፅዋ ዝቅ ይላል። ያን ቀን የተናገረችውን የሰማሁት ከንፈሯን እያየሁ ነው።

ሙሉ ስሟ ፕሪሚቲባ ጋላን ነው፤ «ማናንግ» የምንላት ታላቃችን ስለሆነች ነው፤ አባቷን ደግሞ «ታታይ»፣ አባባ፣ እንላቸዋለን። በከተማችን የስልክ ድርጅት ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርታለች። ምሰሶ ላይ ወጥታ የተበጠሰ መስመር የቀጠለች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት። መጀመሪያ የወጣች ቀን ወንዶቹ ከታች ቆመው ሲሳሳቁባት ፒንሳ ጣለችባቸው ይባላል። ስትጠየቅ «አመለጠኝ» ነው መልሷ። ሰው ሁሉ የእጅ ስልክ ሲይዝ ድርጅቱ ተዘጋ፣ እሷም ቤት ገባች። አላገባችም። እናቷ ካረፉ ወዲህ ከአባቷ ጋር ሁለት ሆነው ነው የሚኖሩት።

ታታይ ኢሞ ጀልባ ሠሪ ነበሩ። እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር መላጊያቸውን ሰቀሉ፣ ስኳርም ያዛቸው። ልጃቸው ራሚል ከኢሎይሎ ታብሌት አመጣላቸው። ከዚያ ወዲያ ቀኑን ሙሉ በረንዳ ላይ ተቀምጠው በሌሎች ደሴቶች ጀልባ ሲሠራ ማየት ሆነ ሥራቸው። እኔ ሽመናዬ ላይ ሆኜ፣ ያንን ሳንቃ ማን እንዲህ አጠበበው እያሉ ከማያውቁት ሰው ጋር ሲጣሉ እሰማቸዋለሁ።

በቪዲዮው መሃል ማስታወቂያ ይመጣል፤ በማስታወቂያው ውስጥ አንድ ዶክተር አለ። ፊቱ ሁላችን በቴሌቪዥን የምናውቀው ሐኪም ነው፣ ድምፁም የእሱ ነው፣ ሰውዬው ግን እሱ አይደለም፤ በኮምፒውተር የተሠራ ነው። ታታይ፣ እንዴት አደሩ ይላል። ያን ሁሉ ኪኒን እስከ መቼ ነው የሚውጡት ይላል። ጠብታውን ይጀምሩ፣ የሆስፒታሉን መድኃኒት ይተዉ ይላል። ይህንን በቀን ሠላሳ፣ አርባ ጊዜ ሰሙት። ታታይም ቲባ የምትሰጣቸውን ኪኒን ከምላሳቸው ሥር ያቆዩና ዞር ስትል በረንዳ ላይ ባለው የካላማንሲ ሎሚ ተክል ሥር ይቀብሩት ጀመር። የባሕር ዛጎል እግራቸውን ሲቆርጣቸው አላወቁም። ቲባ ካልሲያቸውን ያወለቀችው የቁስሉ ሽታ ሲደርሳት ነው። ከሆስፒታል መልስ የተክሉን አፈር ስትቆፍር የአራት ወር ኪኒን አወጣች።

ለቪዲዮው ድርጅት አቤት አለች። መልሱ በሦስተኛው ቀን መጣ፤ ማስታወቂያው ታይቶ ደንብ የጣሰ ነገር አልተገኘበትም። የሐኪሙን ወረቀትና የአባቷን እግር ፎቶ አያይዛ ደግማ ላከች። ያው መልስ፣ ፊደል ሳይለወጥ፣ መጣላት። ኋላ ላይ ሁለቱንም አስነብባኛለች። ሁለቱም «ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን» ብለው ነው የሚያበቁት፤ ከሁሉ በላይ ያቃጠላት እሱ ነው። ሌባ ሰርቆ ሲሄድ ያመሰግናል እንዴ፣ አለችኝ።

ወንድሟ ራሚል በስልክ ታብሌቱን ንጠቂያቸው ብሎ መከራት። ሦስት ቀን ደበቀችባቸው። ታታይ ሦስት ቀን ግድግዳ ሲያዩ ዋሉ፣ ሩዛቸውንም አልነካ አሉ። ምን አጥፍቼ ነው የታሰርኩት ሲሏት ታብሌቱን አምጥታ ጭናቸው ላይ ጣለችው። ከዚያ ዶክተሩ ብቅ ባለ ቁጥር ለማሳለፍ አጠገባቸው ተቀመጠች። ሰው ግን ልብስ ያጥባል፣ ገበያ ይሄዳል፤ ስንት ሰዓት ሊጠብቅ ይችላል?

መላ ያመጣላት አንድ የድሮ የሥራ ባልደረባዋ ነው። በራስ ኮምፒውተር ላይ የሚጫን ነፃ ፕሮግራም እንዳለ ጻፈላት። ቤትሽ ውስጥ ሁልጊዜ የሚበራ አንድ ኮምፒውተር ሰርቨር ይሆንሻል፤ ታታይ ቪዲዮ ሲጠይቁ እሱ ሄዶ ከድርጅቱ ቪዲዮውን ብቻ ያመጣል፣ ማስታወቂያውን በር ላይ ይተወዋል አላት። ቲባ ደብዳቤውን ሁለቴ አንብባ ከአልጋዋ ሥር አሮጌ ኮምፒውተር ጎተተች፤ የስልክ ድርጅቱ ሲዘጋ ለሠራተኛው ካከፋፈላቸው አንዱ ነው። ጉንዳን ገብቶበት ነበር። ፈትታ በብሩሽ ጠረገችው፣ የድሮውን ነገር ሁሉ አጥፍታ ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ የኮምፒውተር ሥርዓት ጫነችበት።

ያ የሐምሌ ዝናብ ነበር። ከሽመናዬ ሆኜ ከዝናቡ ድምፅ በላይ እሷ ከማሽኑ ጋር ስትጨቃጨቅ እሰማ ነበር። አንድ ቀን ፕሮግራሙን አስነሣችው ብዬ ስጠብቅ መብራት ጠፋ፣ ሲመለስ የጻፈችው ሁሉ የለም። በነጋታው እንደ አዲስ ጀመረች። ሌላ ቀን ፕሮግራሙ ተነሣ፣ መረጃውን የሚያስቀምጥበት ክፍል ግን አላስገባው አለ፤ የይለፍ ቃሉን በሁለት ቦታ ለየብቻ ጽፋው ኖሯል። ይኼንን ስታገኘው ለራሷ የተናገረችውን ስድብ እዚህ አልጽፈውም።

ሲጨንቃት፣ የሚያውቁ ሰዎች መልስ በሚሰጡበት አንድ የኢንተርኔት ገጽ ላይ ጥያቄ አቀረበች፤ ስሟንና ዕድሜዋንም በጨዋ ደንብ ጻፈች። ከየት አገር እንደሆነ የማይታወቅ አንድ ሰው፣ አክስቴ፣ ይህ ለእርስዎ አይደለም፣ የልጅ ልጅዎን ይጥሩ ብሎ መለሰላት። እሷም እንዲህ ስትል ጻፈችለት፦ «የልጅ ልጅ የለኝም። አንተ ዳይፐር ላይ ሳለህ እኔ በማዕበል መሃል ምሰሶ ላይ ነበርኩ። የጠየቅኩትን ታውቀዋለህ ወይስ አታውቀውም?» አላወቀውም መሰለኝ። አንዲት ሌላ ሴት ግን እስከ መጨረሻው ደረጃ ድረስ መራቻት።

መጨረሻው ደረጃ ላይ ግን ሥራው ተገተረ። ፕሮግራሙ ይነሣና ወዲያው ይወድቃል፣ ይነሣና ይወድቃል። አራት ቀን ሙሉ። በአምስተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ቲባ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች። ፊቷ አብጧል።

«ዓይንሽ ደህና ነው?» አለችኝ።

ደህና ነው አልኳት።

«እንግዲያው ነይ። ይቅር አላልኩሽም፣ ዓይንሽን ነው የፈለግኩት።»

ሄድኩ። ግራ ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል፣ በአንድ ዓይን ነው ያን ሁሉ ስትሠራ የከረመችው። በስክሪኑ ላይ ፕሮግራሙ የሚታዘዝባቸው መስመሮች ተደርድረዋል። እኔ ከጽሑፉ አንዲት ቃል አልገባኝም። ግን ዐርባ ዓመት ድርና ማግ ያየ ዓይን ነው ያለኝ፤ አንድ ክር ከቦታው ሲወጣ ያሳክከኛል። ጣቴን አሥራ ዘጠነኛው መስመር ላይ አደረግኩ። ይሄኛው ከጓደኞቹ በአንድ ቦታ ወደ ውስጥ ገብቷል አልኳት።

ጠጋ ብላ አየችው። አንዲት ባዶ ቦታ፣ ምንም ያልተጻፈባት። አጠፋቻትና ፕሮግራሙን ቀሰቀሰችው። ተነሣ፤ ዳግመኛም አልወደቀም።

ደስ ይላታል ብዬ ነበር። እሷ ግን ከወንበሯ ተነስታ ማሽኑን በጥፊ መታችው። «አራት ቀን» አለች። «የስልክ ሽቦ ሲበጠስ የተበጠሰበትን ያሳይሻል። ይሄ በባዶ ቦታ ይሞትና ዝም ይልሻል።» ከዚያ ታብሌቱን ወስዳ ከአዲሱ ገጽ ጋር አገናኘችው፣ በረንዳ ላይ ለአባቷ ሰጠቻቸው።

ታታይ የሚወዱትን ጀልባ ሠሪ አገኙት። የጀልባው ቀፎ ተገጠመ፣ ተወቀረ፣ ቀለም ተቀባ። አርባ ደቂቃ ሙሉ ማንም አላቋረጠም። ሲያልቅ ታታይ ታብሌቱን ገልብጠው ጀርባውን አዩ።

«ዶክተሩስ?» አሉ። «ዛሬ አይመጣም?»

ቲባ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «እግርዎን የቆረጠብዎን ሰውዬ ነው የሚናፍቁት?»

«እሱ እንዴት አደሩ ይለኝ ነበር» አሉ ታታይ፣ ሳይቆጡ። «አንቺ ከመኝታዬ ስነሣ፣ ስኳርዎ ስንት ነው፣ ነው የምትዪኝ። መርፌ ይዘሽ ትመጫለሽ። እናትሽ ከሞተች ወዲህ እንዴት አደሩ ያለኝ እሱ ብቻ ነው።»

ቲባ ወደ ጓሮ ሄዳ ለሳምንት ማገዶ የሚበቃ የኮኮናት ልጣጭ በአንድ ሰዓት ፈለጠች። እኔ ልሂድ ወይ ልቆይ ሳላውቅ ቆምኩ። ስትመለስ ላብ በላብ ነበረች። ያ ውሸታም ሰላምታ መስጠት ስለሚያውቅ ነው እኔ ጨካኝ የተባልኩት፣ አለችኝ፤ እሱ ካልሲ አያወልቅ፣ ቁስል አያጥብ፣ ታዲያ እንዴት አደሩ ማለት ለምን ያቅተዋል? እውነቷን ነው። ታታይም እውነታቸውን ነው።

በማግስቱ ጠዋት መርፌውን ይዛ በአባቷ ደጃፍ ስትቆም በአጥሩ በኩል ሰማኋት። «እንዴት አደሩ» አለች፣ ዕዳ እንደሚጠይቅ ሰው። ታታይም ደህና አደርኩ ብለው እጃቸውን ዘረጉላት። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ትላለች። ድምፅዋ አልለሰለሰም።

ነገሩ በዚያ ቢያበቃ መልካም ነበር። በነሐሴ መጨረሻ ድርጅቱ የሆነ ነገር ለወጠ መሰለኝ፣ ገጹ ቪዲዮ ማምጣት ትቶ «ሮቦት አለመሆንዎን ያረጋግጡ» ማለት ጀመረ። የውሸት ሰው እየሸጡ እኔን ሮቦት ነሽ ይሉኛል፣ አለች ቲባ። ፕሮግራሙን የሚሠሩት ሰዎች ማስተካከያ እስኪያወጡ ሁለት ቀን ጠበቀች፣ አወረደች፣ ሠራ። ሦስት ሳምንት ቆይቶ እንደገና ተበላሸ። እንዲህ ነው እስከ ዛሬ፤ ይዘጉባታል፣ ትከፍታለች። መስመር መዘርጋት የለመደ እጅ አያርፍምና ኬብል በአጥሩ ላይ ጎትታ ለእኔና ለሌሎች ሁለት ቤቶች አዳረሰችን። ሲበላሽ ተሰብስበን ደጇ ላይ እንቆማለን፤ በምድር ላይ ያለ ስድብ ሁሉ ይወርድብናል፤ ከዚያ ትሠራልናለች።

የከተማችን በዓል ሲደርስ ራሚል ከኢሎይሎ መጣ። ሩዝና ካድዮስ የሚባለው የጥራጥሬ ወጥ ቀርቦ፣ ሁላችን ገበታ ላይ ነን። ታብሌቱን አይቶ ምን እንደሆነ ጠየቀ፤ ነገረችው። ቢሮ ውሎ የሚገባ ሰው ነውና ፊቱን አጨማደደ። ቪዲዮ የሚሠሩት ሰዎች እንጀራቸው ማስታወቂያው ነው፣ ያለሱ ማየት እንደ መስረቅ ይቆጠራል አለ።

ቲባ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ድምፅዋ እንደዚያን ቀን ዝቅ አለ።

«ራሚል፣ የአባትህን ካልሲ አውልቅ።»

«ማናንግ፣ ገበታ ላይ ነን እኮ።»

«አውልቅና ቁጠር። ከዚያ ማን ከማን እንደሰረቀ ንገረኝ።»

አላወለቀም። ታታይ ኢሞ ሳህናቸውን ገፋ አድርገው፣ ለጀልባ ሠሪው የሚገባውን በሌላ መንገድ ላኪለት፣ እሱ ምንም አላጠፋም አሏት። ራሚል አቀርቅሮ በላ። እሷም በሳምንቱ ለጀልባ ሠሪው ጻፈች፤ ቀጥታ የሚላክለትን መንገድ ነገራት፣ ትልክለታለች። ራሚልና እሷ ግን አሁንም በደንብ አይነጋገሩም።

የታታይ ቁስል ደርቋል። በዱላ እስከ ባሕሩ ዳር ይሄዳሉ፣ ኪኒናቸውንም ቲባ ፊት አፋቸውን ከፍተው እያሳዩ ይውጣሉ።

ባለፈው ማክሰኞ ክር ልገዛ ከቲባ ጋር ጂፕኒ በሚባለው የሕዝብ ታክሲ ወደ ኢሎይሎ ስንሄድ ፊት ለፊታችን አንዲት አሮጊት ስልካቸውን ወደ ጆሯቸው አስጠግተው ነበር። ድምፁን ሁለታችንም አወቅነው። ናናይ፣ እማማ ማለት ነው፣ እንዴት አደሩ እያለ ነው። ቲባ ወደፊት አዘነበለች፣ ናናይ፣ ይህ ሰውዬ ውሸታም ነው፣ መድኃኒትዎን እንዳይተዉ አለቻቸው። አሮጊቷ ቀና ብለው ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። አንቺ ደግሞ ከዶክተር ልትበልጪ ነው፣ አሏትና ስልኩን በሻርፓቸው ሸፈኑ። ቲባ አልተወችም፣ እሳቸውም አልተዉ። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ እያየን አሮጊቷ ከሚወርዱበት ሁለት ፌርማታ ቀድመው ወረዱ፣ ቲባም ተከትላቸው ወረደች። እኔም ክር መግዛቴን ትቼ ከኋላቸው ወረድኩ።