ዩሱፍ ሆኜ የከረምኩበት ግቢ

ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሻንጣዬ አልጋ ላይ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል። ጀምበር ልትጠልቅ ነው። እትዬ ዘይነባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እኔ ያጣጠፍኩትን ሁሉ እየፈታች እንደገና ታጣጥፋለች። ነጋ ጠባ የምትለኝን ያንኑ ትለኛለች።

«ጾምህን እንዳትበላ። እናትህ አደራ ብላኛለች።»

እትዬ ዘይነባን ለማታውቋት ልንገራችሁ። የወሎ ሴት ናት፣ ሙስሊም። የድሮው ሰፈራችን ሳይፈርስ ከእኛ የምትለያት አንዲት የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነበረች። እናቴ የሞተችው ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ስትሞትም ለእሷ ሰጥታኝ ሞተች። ከዚያ በኋላ ዓርብ ዓርብ ከትምህርት ቤት ስመጣ ቅቤ ያልነካው ሽሮ በሌላ ድስት ይጠብቀኝ ነበር። አንድ ጊዜ አረፋ ዕለት፣ ቤቱ ሥጋ በሥጋ ሆኖ፣ እጄን ወደ ትሪው ስልክ በማማሰያ መታችኝ። «የኛ ሥጋ ላንተ አይሆንም! እናትህ ብትጠይቀኝ ምን ልላት ነው?» አለችኝ። እናቴ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር።

በዚያ የመጨረሻ ምሽት ከጉያዋ ጥቁር የሐር ክር አወጣች። ተክለ ሃይማኖት ድረስ ወርዳ የገዛችው ነው። «ያንገትህ አርጅቷል። ሳይመሽ ቄሱ ጋ ሂድና ባርከው ይሰሩልህ» አለችኝ። ሄጄ አሠርኩ።

ያቺ ማተብ አንገቴ ላይ የቆየችው ሁለት ቀን ነው።

የምሄደው ሐርጌሳ ነበር፣ እንግሊዝኛ ላስተምር። ሌላው ካናዳ ይሄዳል፣ እኔ እዚሁ ጎረቤት ተሻግሬ ተሰደድኩ እላለሁ፤ ሳቁብኝ፣ ግድ የለም። ሜክሲኮ አካባቢ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ስድስት ዓመት አስተምሬያለሁ። ተማሪዎቼ ከፊልም በለቀሙት እንግሊዝኛ እኔን ማረም ጀምረው ነበር። «ውጭ አስተምሮ የመጣ» ሲባል ግን ርዕሰ መምህሩ ራሱ ከወንበሩ ሲነሳ አይቻለሁ። እኔም ያ ወንበር እንዲነሳልኝ ፈለግሁ፣ ሌላ ምክንያት አልፈጥርም።

መንገዱን ያሳየኝ ሳሚ የሚባል የኮሌጅ ጓደኛዬ ነው። እዚያ አንድ ዓመት ሠርቶ ተመልሷል።

«ስማ ጀለሴ፣ አራዳ ሁን» አለኝ ማኪያቶውን እያማሰለ። «ማተብህን አውልቅ። ሃይማኖትህን ከጠየቁህም ሙስሊም ነኝ በልና ተገላገል።»

«ያስገድዳሉ እንዴ?»

«ኧረ ማንም አያስገድድህም! አንተን ብሎ ማን ይጨነቃል? ግን ለምን ትቸገራለህ?»

እንግዲህ ይህን ልብ በሉልኝ። ማንም እንደማያስገድደኝ ከመሄዴ በፊት ተነግሮኛል።

ከጅጅጋ ወደ ጠረፉ በሚወስደው ሚኒባስ ውስጥ፣ አጠገቤ የተቀመጡት እናት እንቅልፍ ሲወስዳቸው፣ ማተቤን ፈታሁና መዝገበ ቃላቴ ውስጥ ከተትኩት። ቋጠሮው አልፈታ ብሎኝ በጥርሴ ነው የፈታሁት። እኛ አገር ለከሃዲ ሰው ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ፤ ማተቡን የበጠሰ ይባላል። እኔ ደግሞ አልበጠስኩም፣ ፈታሁ እንጂ እያልኩ ራሴን አጽናናሁ።

ጠረፉ ላይ አንድ ቀጭን ሹም ፓስፖርቴን ያገላብጣል።

«ሥራ?»

«የእንግሊዝኛ መምህር።»

«እንግሊዝ አገር ኖረሃል?»

«የለም።»

«አሜሪካስ?»

«የለም።»

«ታዲያ ከማን ተማርከው?»

«ልደታ» አልኩት ደንግጬ።

«ልደታ ማናት? እንግሊዛዊት ናት?»

«ሰፈሬ ናት።»

አጠገቡ ላለው ባልደረባው ነገረውና ሁለቱም እስኪበቃቸው ሳቁ። ከዚያ እሱ በእንግሊዝኛ መልካም ዕድል ተመኘልኝ። የሱ እንግሊዝኛ ከኔ ይሻል ነበር። ፓስፖርቴን ተቀብዬ አቀርቅሬ ሄድኩ።

ትምህርት ቤቱ ያገኘልኝ ክፍል ሐጂ ዑስማን በሚባሉ ሽማግሌ ግቢ ውስጥ ነበር። ሐጂ በወጣትነታቸው ድሬዳዋ ሰባት ዓመት ነግደዋል፣ አማርኛቸው ከብዙዎቻችን ይጠራል። ገበያ ላይ ጨርቅ ይሸጣሉ። ሻጭ ናቸው ብላችሁ እንዳታስቧቸው፣ «ይሄ ቀለሙ ይለቃል፣ ይቅርብህ» እያሉ ደንበኛ የሚመልሱ ሰው ናቸው። ልጆቻቸው አውሮፓ ናቸው፣ ግቢው ውስጥ ያሉት እሳቸውና ባለቤታቸው ሐሊማ ብቻ።

በሩ ላይ ሻንጣዬን ተቀብለውኝ ስሜን ጠየቁኝ።

«ዮሴፍ።»

«ዩሱፍ! ቆንጆ ስም ነው። ምሳና ራት ከኛው ጋ ነው የምትበላው፣ ለብቻህ ምን ትሠራለህ? ግን ልጠይቅህ፣ ሃይማኖትህ ምንድን ነው?»

ሳሚ ትዝ አለኝ።

«ሙስሊም ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ» አልኩ። አልሐምዱሊላሁን ማንም አልጠየቀኝም፣ ከራሴ ጨመርኩበት።

«እንግዲያው አንድ ድስት ይበቃናል» አሉና ወደ ጓዳ ለሐሊማ በሶማልኛ ነገሯት። ለምን ድስት እንዳነሱ በዚያን ጊዜ አልገባኝም።

እንጀራ የሚመስል ነገር ያገኘሁት በማግስቱ ጠዋት ነው። ላሆህ ይሉታል። ዓይን አለው፣ ለስላሳ ነው፣ ናፍቆቴ ሁሉ ተነሳ። ከዚያ ሐሊማ ዘይትና ስኳር አፈሰሰችበትና ከሻይ ጋር ሰጠችኝ። እንጀራ በስኳር! እትዬ ዘይነባ ብታይ አምቡላንስ ትጠራ ነበር። ከላሆሁ ጎን በትልቅ ኩባያ ወተት መጣ። የግመል ነው። እኛ ሰፈር የግመል ነገር ሲነሳ እንኳ ፊት የሚያጨማድድ ሰው ስንት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ዩሱፍ ግን ፊቱን ማጨማደድ አይችልም። ጭስ ጭስ የሚለውን ወተት ጭልጥ አደረግሁና «ግሩም ነው» አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንግዳው ይወዳል ተብሎ በየጠዋቱ ይቀርብልኝ ጀመር። በሳምንቱ ሥጋውም ተከተለ።

ሥራው ጥሩ ነበር፣ አልዋሽም፤ በሥራው ብቻ። የማስተምራቸው ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ ነርሶች፣ ሾፌሮች፣ ባለሱቆች። ሲያከብሩ ለጉድ ነው፣ «ማዓሊን» እያሉ ይነሱልኛል። መምህር ማለታቸው ነው። የተመኘሁት ወንበር ተነሳልኝ ማለት ነው። አንድ ቀን ስለ ራሳቸው አምስት አምስት ዓረፍተ ነገር እንዲናገሩ አዘዝኩ። ኢፍራህ የምትባል ነርስ እጇን አወጣች።

«ማዓሊን፣ እውነተኛውን ነው የምንናገረው፣ ወይስ ልክ ከሆነ ይበቃል?»

«ልክ ከሆነ ይበቃል» አልኳት። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ያልቆሸሸ ሰሌዳ ጠረግሁ።

ዓርብ ዓርብ ከሐጂ ጋር መስጊድ ሄድኩ። አሰጋገዱን ከእትዬ ዘይነባ ቤት አውቀዋለሁ፣ ሲጎነበሱ ጎነበስኩ። በሰው ጸሎት መሐል ሌባ ሆኖ መቆም ምን እንደሚመስል እዚያ ነው የተማርኩት። እሳቸው ግን ስንወጣ ትከሻዬን ይዘው «ይሄ ልጄ ነው» እያሉ ለሰው ያስተዋውቁኛል። ሁዳዴና ረመዳን አንድ ላይ ሲገቡ ደግሞ ጉዴ ፈላ። ቀኑን ሙሉ የእነሱን ጾም እጾማለሁ፣ ሲያፈጥሩ አብሬ የገዛ ጾሜን በሥጋ እበላለሁ። ሁለት ጾም ጾሜ አንዱም የኔ አልሆነም።

እትዬ ዘይነባ በየሳምንቱ ትደውላለች። «እየጾምክ ነው?» «አዎ።» «ጎበዝ።» ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብዙ ጊዜ ግድግዳ እያየሁ እቀመጥ ነበር።

በስምንተኛው ወር አረፋ ደረሰ። ጠዋት ከሶላት እንደተመለስን ሐጂ ግቢው መሐል አንድ ሙክት ፍየል አስረው ቆሙ። ሐሊማ ሳህን ይዛለች። ቢላዋውን ወደ እኔ ዘረጉት።

«እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ልጆቼም ሩቅ ናቸው። ዘንድሮ አንተ እረድልኝ። ቢስሚላህ በልና እረድ፣ ልጄ።»

ቢላዋውን ያዝኩት። ፍየሉ ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አቅጣጫ ዞሮ ተኝቷል። እናንተ የኛ ሰፈር ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋችሁም። በኔ እጅ ከታረደ የክርስቲያን ሥጋ ነው። ሐጂ ይበላሉ፣ ሐሊማ ትበላለች፣ ደጁ ላይ የተሰለፉት ድሆች ይበላሉ። እትዬ ዘይነባ እኔን በማማሰያ የመታችኝ ለዚሁ ነገር ነው። እስከዚያ ድረስ የበላሁት የራሴን ሃይማኖት ነበር፤ አሁን የእነሱን ላስበላቸው ነው።

«አልችልም» አልኩ።

«ደም ትፈራለህ እንዴ?»

«ክርስቲያን ነኝ፣ ሐጂ።»

ፍየሉ ብቻ ነው የተነፈሰው። ይቆጣሉ፣ ሻንጣዬን ይወረውራሉ ብዬ ጠበቅኩ፤ እውነቱን ለመናገር ያንን ተመኝቼ ነበር። እሳቸው ግን ቢላዋውን ከእጄ ቀስ ብለው ወሰዱና ዱካ ላይ ተቀመጡ።

«ያን ቀን ሃይማኖትህን የጠየቅኩህ እኮ ለሥጋው ነበር» አሉኝ። «የእናንተን ነገር አውቃለሁ። ድሬዳዋ ጎረቤቴ ክርስቲያን ነበሩ፣ ሥጋችንን አይበሉም፣ ረቡዕና ዓርብ ይጾማሉ፣ ግመል ያማቸዋል። ክርስቲያን ነኝ ብትለኝ ሌላ ድስት ላስገዛልህ ነበር።»

«ፈርቼ ነው።»

«እኔን?» አሉ። «ስምንት ወር በገዛ እጄ ሐራምህን አበላሁህ። የእንግዳዬን ጾም አስፈታሁ። አንተስ ለራስህ፤ እኔን ግን ምን እንድል ነው ከጌታዬ ፊት የምታቆመኝ?»

ፍየሉን ጎረቤት ተጠርቶ አረደው። እኔ ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

አላስወጡኝም። በሳምንቱ ረቡዕ በሬ ላይ ትሪ አገኘሁ፤ ባቄላ በዘይት፣ በአዲስ ትንሽ ድስት። ዓርብም እንዲሁ። ወተቱ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ግን ከሐጂ ጋር አንድ ትሪ ላይ ቀርበን አናውቅም። «ልጄ» ይሉኝ የነበሩት «መምህር» ይሉኛል። ማተቤም መዝገበ ቃላቱ ውስጥ እንዳለች ናት። ሁለት ጊዜ አውጥቼ አንገቴ ላይ ልኬያታለሁ። ቄስ በሌለበት በየትኛው እጄ ልሰራት?

ባለፈው ዓርብ ከሰዓት እትዬ ዘይነባ ደወለች። ግቢው ውስጥ ነበርኩ፤ ሐጂ ለሶላት ታጥበው፣ ውዱእ አድርገው፣ ምንጣፋቸው ላይ ሙስበሃቸውን፣ የጸሎት መቁጠሪያቸውን፣ እየቆጠሩ የዓስር ሶላትን ይጠብቃሉ።

«እየጾምክ ነው?»

«አዎ፣ እትዬ።» ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ነበር፣ ድምፄም ሳይለወጥ አልቀረም።

«ማን ይሠራልሃል?»

«የቤቱ ሰዎች ናቸው። ረቡዕና ዓርብ በሌላ ድስት ይሠሩልኛል።»

አፍንጫዋን ስትስብ ሰማሁ።

«እሰይ! ሰው እኮ የትም ሰው ነው፣ ብቻ መናገር ነው። የገባህ ዕለት ነገርካቸው አይደል?»

ሐጂ ሙስበሃቸውን መቁጠር አቆሙ። አማርኛ እንደሚሰሙ ታውቃላችሁ፣ ስልኬም ድምፁ ትልቅ ነው።

«ዮሴፍ? ይሰማል?»

«ይሰማል።»

«በል ሰውዬውን አገናኘኝ፣ ላመስግናቸው።»

ስልኩን ዘረጋሁላቸው። በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ።

«ወዓለይኩም ሰላም... አዎ፣ ድሬዳዋ ኖሬያለሁ... ይጾማል፣ ይጾማል፣ አንቺ አታስቢ።» ከዚያ ረጅም ጊዜ አዳመጡ። ምን እየጠየቀቻቸው እንደሆነ አወቅሁ፣ ምክንያቱም ከአረፋ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው ዓይኔን አዩኝ። ቀለሙ ይለቃል ብለው ደንበኛ የሚመልሱት ሰውዬ።

«እንዴታ!» አሏት። «የገባ ዕለት ነው የነገረን። በሩ ላይ፣ ሻንጣውን ሳያወርድ። በደንብ አድርገሽ ነው ያሳደግሽው።»

ስልኩን መለሱልኝ። እሷ ከወዲያ ማዶ ትመርቀኛለች፣ አሜን ማለት አቃተኝ። እንደምንም ተሰናብቼያት ዘጋሁ።

«ሐጂ...» አልኩ።

«መምህር» አሉኝ ከምንጣፉ እየተነሱ፣ «ማንቆርቆሪያውን ውሃ ሞልተህ አምጣልኝ። ዋሽቼ ሶላት አልቆምም፣ እንደገና ልታጠብ።»

አመጣሁ። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ውሃውን እኔ አፈሰስኩላቸው።