አባዬ ያጎረሰው ካዝና

የመሣሪያ ዘይት ሽታ ከእጅ ቶሎ አይለቅም። ዛሬ ጠዋት፣ ዴንቨር፣ ግሪን ቫሊ ራንች ሰፈር ከሚገኘው ቤቴ ቁም ሣጥን ላይ ትንሿን የብረት ሣጥን አውርጄ ስከፍታት፣ ያው ሽታ ቀድሞ ወጣ። በሩ ላይ የቆመችው ልጄ "ማሚ፣ ኢት ስሜልስ ላይክ ዘ ጋራዥ" ብላ፣ ጋራዥ ጋራዥ ይሸታል ማለቷ ነው፣ አፍንጫዋን ያዘች። እኔን ግን አባዬ ነው የሸተተኝ። ወዲያው ደግሞ አጎቴ ትዝ አለኝና ደሜ ፈላ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። የተወጋሁት እኔ ነኝና ልንገራችሁ።

ሣጥኗ ውስጥ ያለው አንድ የጥይት ካዝና ነው፤ ጥይት ተደርድሮበት ሽጉጥ እጀታ ውስጥ የሚገባው ጠባብ ቆርቆሮ። ሽጉጡ አባዬ አሜሪካ እንደገባ ሰሞን የገዛው አሮጌ ባለ ሃያ ሁለት ካሊበር ነበር። ጥይቱ ትንሽ፣ ድምፁም ደረቅ እንጨት ሲሰበር ዓይነት ነው። አባዬ የኤርፖርት ሹፌር ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ ሲወጣ እኔ በመኪናዬ ከኦሮራው አፓርታማችን እወስደውና ከከተማው በስተምሥራቅ ወዳለው የተኩስ መለማመጃ እንሄዳለን። ሣሩ ቢጫ ነው፣ ነፋሱ አፍ ውስጥ አቧራ ይሞላል፣ ተራሮቹ ከኋላችን ይቀራሉ። እኔ ጥይት ሳጎርስ፣ ጥይቱን ከታች ወደ ላይ የሚገፋው የካዝናው ሞላ ጠንካራ ነበርና አውራ ጣቴን ያመኛል። "ስጪኝ ልጄ፣ ጥፍርሽ ይሰበራል" ይለኝና ተቀብሎ በዚያ ሰፊ አውራ ጣቱ አንድ በአንድ ይጭናቸዋል። ዓይኑ ደክሞ ስለነበር መተኮሱ የእኔ ሥራ ነበር።

የመጨረሻዋ ቅዳሜ ነፋሱ ባሰና መለማመጃው ቀድሞ ተዘጋ። አባዬ ካዝናውን ሞልቶ ጨርሶ ነበር። "ለሚቀጥለው ቅዳሜ ይቆየን" አለና ካዝናውን የመኪናዬ የፊት መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት፤ ሽጉጡን ባዶውን ይዞ ወደ ቤት ገባ። ያቺን ቅዳሜ ግን አላያትም። ልቡ ናት የከዳችው።

አርባው ወጥቶ ሰው እየበላ ሳለ፣ ከሴንቴኒያል ከተማ የመጣው አጎቴ፣ የአባዬ ታናሽ ወንድም፣ ተነስቶ ጓዳ ገባና ሽጉጡን ከነጨርቁ ይዞ ወጣ። ፊት ለፊት "እርስዎ" እለው ነበር፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን በልቤ አንቱታውን ነጥቄዋለሁ። "የወንድሜ መሣሪያ ሴት ቤት አያድርም" አለ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። የአባት መሣሪያ ለወንድ ነው፣ ወግ ነው፤ ሽማግሌዎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። እናቴ በጥቁር ልብሷ አንገቷን ደፋች። ያንን ሽጉጥ ስወለውል የኖርኩት እኔ ትሪ ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ከንዴቱ ብዛት እንባ እንኳ እምቢ አለኝ።

ከሰነበተ በኋላ ደወለ።

"ካዝናው የለበትም እኮ! የት ገባ?"

"እኔ ጋ ነው። ሽጉጡን ሲመልሱልኝ እሰጥዎታለሁ።"

"ተይው! ኦንላይን ሞልቶልሻል፣ ኦርደር አደርጋለሁ።"

አባዬ አንድ ነገር አስተምሮኝ ነበር። የዚያ ሽጉጥ አሮጌውና አዲሱ ስማቸው አንድ ነው፣ መልካቸውም አንድ ነው፤ የካዝናው መያዣ ግን ተቀይሯል። ይህንን ለአጎቴ ልነግረው እችል ነበር። አልነገርኩትም። ደስ እያለኝ ነው ያልነገርኩት።

ጓደኞቹን ሰብስቦ "በወንድሜ ሽጉጥ ልተኩስ ነው" አለ። ወሬው ደርሶኝ እኔም ወደ መለማመጃው ሄድኩ። ለዚያ ቀን ብሎ አዲስ ባርኔጣ አድርጓል። የሚያብረቀርቀውን አዲስ ካዝና አስገባ፤ ገባለት። እጁን ሲያነሳ ግን ካዝናው ተንሸራቶ ጫማው ላይ ወደቀ። አንስቶ በመዳፉ መታው፤ አሁንም ወደቀ። የመለማመጃው ሠራተኛ፣ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ፣ ቀረብ ብሎ አየና "ይሄ እኮ የአዲሱ ሽጉጥ ካዝና ነው" አለው። ጓደኞቹ ወደ ተራራው ዞሩ። እኔ ሳቅኩ። እንደዚያ ቀን ከልቤ ስቄ አላውቅም፤ የትሪዋን ቀን ሂሳብ አወራረድኩበት።

እሱ ደግሞ ሦስት ሽማግሌ ላከብኝ፤ መዳፍ ለምታህል ቆርቆሮ! ሦስቱም ሳሎናችን ውስጥ ተደርድረው ሲቀመጡ ለጋብቻ ሊጠይቁኝ የመጡ ይመስሉ ነበር። "ልጄ፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት" አሉ ትልቁ። "ለብረት ብለሽ ከአጎትሽ አትጣዪ።"

"ለብረት ብሎ የተጣላኝ እሱ ነው አባቴ። ሽጉጡን ይመልስ" አልኳቸው። እናቴ ጓዳ ሆና ሰምታለች፤ ሲወጡ ትከሻዬን ጨበጥ አድርጋኝ አለፈች።

መልሱ በበጋ መጣ። ዴንቨር ውስጥ አንድ የፈረንጆች ቤተ ክርስቲያን ግቢ ሰው በፈቃዱ የሚያስረክበው መሣሪያ እየተሰበሰበ በመጋዝ ይቆረጥ ነበር፤ ብረቱን የአትክልት መኮትኮቻ ያደርጉታል። አጎቴ የአባዬን ሽጉጥ ወስዶ አስቆረጠው። ራሱ ነው ደውሎ የነገረኝ። "ለእኔ ካልሆነ ለአንቺም አይሆንም" አለኝ። መኪናዬን መንገድ ዳር ፓርክ አድርጌ ጮኬ አለቀስኩ። ለአርባው እምቢ ያለኝ እንባ ያኔ መጣ።

ከዚያ በኋላ ለዓመታት አልተነጋገርንም። ባለፈው ወር ኦሮራ ለቅሶ ቤት አጠገቤ ያለው ወንበር ብቻ ባዶ ሆነና አጎቴ እዚያው ተቀመጠ። አርጅቷል። ወደ እኔ ዘንበል ብሎ፣

"ያ ካዝና አለ?" አለኝ።

"አለ።"

"ባዶውን ነው?"

"አይደለም። አባዬ እንዳጎረሰው ነው።"

ጉልበቱ ላይ ያሉትን እጆቹን ሲያይ እኔም አየኋቸው። አውራ ጣቱ ሰፊ ነው፤ የአባዬ ጣት ነው። ለካ ወንድማማቾች ነበሩ! እስከዚያን ቀን ልብ ብዬው አላውቅም።

"አንድ ቀን ታሳዪኛለሽ?" አለ።

"አላሳይዎትም" አልኩት። ራሱን ነቀነቀ እንጂ አልተቆጣም።

ይቅር አላልኩትም፤ ዛሬም አላልኩትም። ልጄን ወደ ሳሎን ሸኝቼ በሩን ዘጋሁና ካዝናውን መዳፌ ላይ አደረግኩት። ተመሳሳይ አሮጌ ሽጉጥ ፈልጌ መግዛት እችላለሁ፤ ግን ለምኔ? አባዬ ያጎረሳቸውን ጥይቶች ከተኮስኳቸው ያልቃሉ። አውራ ጣቴን ከላይኛዋ ጥይት ላይ፣ የአባዬ ጣት በመጨረሻ ካረፈበት ላይ አሳርፌ በቀስታ ተጫንኩ። ሞላው ከታች መልሶ ገፋኝ።