የተፋቀው ጥርስ

ኤጭ! የአጎቴ ስም በተነሳ ቁጥር ያ የኮምጣጤ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ይገባል። ፎቶ አንሺ ነው፤ ፊልም የሚያጥበው እኛው ቤት፣ መታጠቢያ ክፍላችን ውስጥ ነው። ቀዩን አምፖል ካበራ በሩን ማንኳኳት ክልክል ነው፤ ለሽንት እንኳን ጎረቤት እንሄዳለን። ልብስ የማጥብበት ሳፋ በመድኃኒቱ ቡናማ ሆኗል። ፊልሙ ከውስጥ ልብሴ ጎን ተንጠልጥሎ ጠብ ጠብ ሲል ያቅለሸልሸኛል።

ሰፈሩ ግን «አሳማሪው» እያለ ያሞካሸዋል። የታጠበውን ፊልም፣ ኔጋቲቩን፣ መስታወት ላይ ዘርግቶ፣ ከሥሩ መብራት አብርቶ፣ ሽብሽቡን በእርሳስ ይሞላል፤ ያልወደደውን በምላጭ ይፍቃል። ሲታተም ማዲያት የለ፣ ጠባሳ የለ። ያነሳቸውን ሙሽሮች ብትደረድሯቸው የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ።

እናቴ እህቱ ናት። አንድ ጥርሷ ወደ ፊት ወጣ ያለ ስለነበር ካሜራ ስታይ አፏን በእጇ ትከድናለች። እጇ ያልገባበት ፎቶ አልነበራትም። ታማ አልጋ ላይ ስትውል ለመንኩት።

«ጋሼ፣ እንዳለች አንሳት። በሞቴ፣ እንዳትነካካት!»

«እኔን ነው የምታስተምሪው?» አለና ካሜራውን ደቅኖ አንድ የልጅነታቸውን ወሬ ጣል አደረገላት። እናቴ እጇን ረሳችው። ጥርሷ ብቅ ብሎ ከት ብላ ሳቀች። ቀጭ አደረጋት።

ብዙም ሳትቆይ አረፈች። ለቀስተኛው ሲቀልልኝ ፎቶውን ጠየቅሁት። እርጥቡን በሁለት ጣቱ ይዞ ከመታጠቢያ ክፍሉ ወጣ። ከንፈሯን የገጠመች፣ ፊቷ እንደ ሰሃን የለሰለሰ ሴትዮ ናት። እናቴ ናት ብሎ የሚምል ካለ ይምጣ!

«ንግሥት አስመሰልኳት» አለ።

«ሌላ አትምልኝ፤ ያልተነካውን።»

«ያልተነካ የታል? ከራሱ ከኔጋቲቩ ላይ ነው ጥርሱን ፍቄ ከንፈር የሣልኩበት። አይመለስም።»

ቅንድብ ላሳምር ብሎ ዓይን ማጥፋት ማለት ይሄ ነው። እሱ ደግሞ ምስጋና ይጠብቃል!

«ዕድሜዋን ሙሉ ስትደብቀው የኖረችውን ነው የደበቅሁላት» አለኝ። «ገላገልኳት እንጂ ምን አደረግኋት?»

«ጋሼ፣ ያን ቀን ሳትደብቅ የሳቀችው ለማን ነበር?»

ፎቶውን አየው። ውሃው ጫማው ላይ ይንጠባጠባል።

«ለእኔ» አለ።

ከዚያ ማልቀስ ጀመረ። ያንገሸገሸህ ሰው ፊትህ ቆሞ ሲያለቅስ እንደማየት የሚያስጠላ ነገር የለም።