የሙሽሪት ዋጋ

ባለፈው ሳምንት ነዳጅ ማደያው አጠገብ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ ወረፋ ስጠብቅ፣ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበርና የቤንዚን ሽታ ከእርጥብ አፈር ሽታ ጋር ተቀላቅሎ መጣብኝ። ከፊታችን ሦስት ወጣቶች አንድ ስልክ ላይ ተደፍተው፣ ገና ስላልወጣች የስፖርት መኪና ዋጋ ይከራከሩ ነበር። አንዱ "ከዚህ በታች አትመጣም" ይላል። ሌላው "ቀረጡን ረሳኸው" ይለዋል። ሦስተኛው እየሳቀ አንድ ቁጥር ጠራ። የባጃጁ ሹፌር ዞር ብሎ "እማማ፣ አመመዎት እንዴ?" ሲለኝ ነው ፊቴ መለወጡን ያወቅሁት። ደህና ነኝ አልኩት። ደህና ግን አልነበርኩም።

ያኔ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ዘመኑ የንጉሡ ነው። ነቀምቴ ያን ጊዜ ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውቶቡስ በበጋ አቧራ ለብሶ፣ በክረምት ጭቃ ተለውሶ የሚገባባት፣ ሰው ሁሉ የሚተዋወቅባት ከተማ ነበረች። እኔ ፖስታ ቤት ደብዳቤ እለይና ቴምብር እሸጥ ነበር። ወንድሜ በአራት ዓመት ይበልጠኛል፤ ወንድም ጋሼ ነበር የምለው። የአንድ አርመን ሽማግሌ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበር። አባታችን ከሸዋ በጸሐፊነት ተመድቦ መጥቶ፣ የዚህን አገር ልጅ እናታችንን አግብቶ የቀረ ሰው ነው። እሱ ከሞተ በኋላ ወንድም ጋሼ መሳቅ ተወ። ሠርቶ ይገባል፣ እጁን በነጭ ጋዝና በሳሙና ይታጠባል፣ ራቱን በልቶ ይተኛል። እናታችን በኦሮምኛ ታወራዋለች፤ በአማርኛ ባጭሩ ይመልስላታል። ሁለት ዓመት እንዲህ ሆኖ ኖረ።

ከዚያ ሙሽሪት መጣች።

ከተማው ውስጥ አንድ የሒሳብ መምህር ነበር፤ የወንድሜ ጓደኛ ነው። ወደ አገራቸው ከሚመለሱ ፈረንጆች ቤት መጻሕፍት ሲሰጡት አብሮ አንድ የመኪና መጽሔት አገኘ። መካከሉ ላይ ሁለት ገጽ ሙሉ የያዘች ነጭ መኪና ነበረች፤ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ አፍንጫዋ የረዘመ፣ መሬት ልትነካ ምንም ያልቀራት። በሚመጣው ዓመት ለገበያ ትወጣለች ይላል ጽሑፉ። ከግርጌ በትናንሽ ፊደል፣ ዋጋዋ ገና እንዳልተወሰነ ተጽፏል። ወንድም ጋሼ ገጹን በሁለት እጁ ይዞ ብዙ ቆየ። በንጣቷ ምክንያት ሙሽሪት ብሎ ስም ያወጣላትም እሱ ነው።

ከፖስታ ቤቱ ፊት ለፊት የአንድ ልብስ ሰፊ በረንዳ ነበር። በዕድሜ ከሁላችንም የሚበልጥ፣ ጋቢና ውስጥ ገብቶ የማያውቅ ሰው ነው። ከሥራ በኋላ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወንድሜና መምህሩ እዚያ ይቀመጡና መጽሔቱን ይዘረጉታል። የልብስ ስፌት መኪናው ሲንኳኳ፣ እነሱ ሲሟገቱ፣ ድምፃቸው መንገዱን ተሻግሮ እኔ ካለሁበት ይደርስ ነበር። ሥራ ስጨርስ እኔም ሄጄ ምሰሶውን ተደግፌ እሰማቸዋለሁ።

"ዘጠኝ ሺህ ብር" ይላል ወንድም ጋሼ። "ትንሽ ናት፤ ብረቷ ጥቂት ነው። ሞተሯንም አይቼዋለሁ፣ የማላውቀው ነገር የለውም።"

መምህሩ በወረቀት ላይ የመርከቡን፣ የአሰብን፣ የቀረጡን እየጻፈ ይደምራል። "ዐሥራ ስምንት ሺህ። ከዚህ ፈቀቅ አልልም።"

"ሠላሳ ሺህ" ይላል ልብስ ሰፊው ከጨርቁ ላይ ቀና ሳይል።

"ኦቦ፣ ስለ መኪና እርስዎ ምን ያውቃሉ?"

"ስለ መኪና አላውቅም። ወንበሯን ግን አየሁት። ዱጋ፣ እውነቴን ነው፤ ቆዳ እንዲህ አድርጎ የሚሰፋ ሰው ርካሽ ዕቃ አይሠራም።"

ወንድም ጋሼ ሳቀ። ምሰሶው አጠገብ ቆሜ ሳቁን ስሰማ እንባዬ መጣ። ማታ ለእናቴ ስነግራት እጄን ያዘችኝ።

አንድ ቀን "ኦቦሌቲ ኮ" አለኝ። እህቴ ማለቱ ነው፤ ለልመና ሲሆን በእናታችን ቋንቋ ነበር የሚጠራኝ። "አዲስ አበባ መኪናዎቹን የሚያስመጣው ድርጅት ጋ በእንግሊዝኛ ጻፊልኝ። ስንት ትሆናለች በይ።" ጻፍኩለት። መልሱ በእኔ በኩል እንዲመጣ አደረግን።

ከሁለት ወር በኋላ መጣ። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ከረጢቱን ገልብጬ ስለይ ፖስታውን አየሁትና እዚያው ከፈትኩት። አጭር፣ በታይፕ የተመታ፣ ትሕትና ያለው ደብዳቤ ነበር። ሃያ ሰባት ሺህ ብር ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ወንድሜ ያኔ በወር ሰባ ብር ነበር የሚያገኘው። በመስኮቱ ስመለከት በረንዳው ላይ ቆሞ፣ እጁን እንደ መሪ ይዞ፣ ሙሽሪት ኩርባ ላይ እንዴት እንደምትታጠፍ ለልብስ ሰፊው ያሳየዋል። ደብዳቤውን መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩት። ነገ እሰጠዋለሁ አልኩ። በማግስቱም ነገ አልኩ። ክፋት አልነበረውም። ያ ሳቅ አንድ ሳምንት ይቆይ፣ ከዚያ ደግሞ አንድ ሳምንት ይጨመርበት ብዬ ነው።

ወሩ ሳያልቅ ወንድም ጋሼ በረንዳው ላይ ቆሞ ከጋራዡ መልቀቁን ነገረን። አንድ የቡና ነጋዴ ከጊምቢ ቡና የሚያመላልስ ሹፌር ይፈልጋል፤ ደመወዙ ከጋራዡ እጥፍ ነው፣ የመንገድ አበልም አለው። መንገዱ በዴዴሳ ቆላ ያልፋል። የዴዴሳን ወባ ነቀምቴ ውስጥ የማያውቅ ሰው አልነበረም።

ልብስ ሰፊው ፔዳሉን አቆመ። "ጋራዡ ምን አደረገህ?"

"ምንም። በጋራዥ ዘጠኝ ሺህ አይገኝም፤ በመንገድ ግን ይገኛል።" ወደ መምህሩ ዞረ። "እስቲ አስላልኝ። የማገኘውን ግማሽ ባስቀምጥ ዘጠኝ ሺህ መቼ ይሞላል?"

መምህሩ ወረቀቱን አላወጣም። ወደ መንገዱ እያየ ቆየና "ዐሥር ዓመት ይሆናል" አለ ቀስ ብሎ።

"ሁለት ሦስተኛውን ባስቀምጥስ?"

"ሰባት ተኩል።"

"ሰባት ዓመት ተኩል" አለ ወንድም ጋሼ፣ ነገ እንደ ማለት። "ሠላሳ ዓመት ከምናምን ይሆነኛል። ገና ወጣት ነኝ።"

እኔ እዚያው ነበርኩ። ምሰሶውን ይዤ ነበር። ደብዳቤው መንገዱን ተሻግሮ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ሄዶ ለመምጣት ስልሳ እርምጃ አይሆንም። ሃያ ሰባት ሺህ የሚለውን ቁጥር ቢያይ፣ ሃያ ዓመት እንኳ እንደማይበቃው ያውቅና ይቀር ነበር። ያዝን ነበር፤ ምናልባት መሳቁንም መልሶ ይተው ነበር። ግን ይቀር ነበር። አልተናገርኩም። አሁን ከነገርኩት ለምን እስከ ዛሬ ደበቅሽኝ ይለኛል ብዬ ፈራሁ። ይኸው ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ሄደ። በጋው በደህና አለፈ። በመጣ ቁጥር ጠቁሮና ከስቶ፣ ደስ ብሎት ነበር የሚመጣው። ክረምቱ ሲገባ ቡና እንደ ጫነ ዴዴሳ አጠገብ ጭቃ ያዘው፤ ስድስት ቀን ከጭነቱ ሳይለይ እዚያው ቆየ። በሌላ መኪና አሳፍረው ሲያመጡት ሰውነቱ እንደ ምድጃ ይግላል፣ እሱ ግን ብርድ ልብስ ጨምሩልኝ ይላል። ሆስፒታል አስገባነው። ነጭ አንሶላ፣ የመድኃኒት ሽታ፣ ቆርቆሮው ላይ የማያቋርጥ ዝናብ። እናታችን አልጋው ግርጌ መሬት ላይ ተቀምጣ "ኢልማ ኮ፣ ልጄ" ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣትም።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ትኩሳቱ ጥቂት በረድ ሲልለት ዓይኑን ከፈተና አየኝ።

"ኦቦሌቲ ኮ፣ መልሱ አልመጣም?"

"መጣ" አልኩት።

"ስንት ይላል?"

"ስምንት ሺህ ዘጠኝ መቶ።"

ከንፈሩ ተሰንጥቆ ስለነበር ፈገግታው እንደሚያመው አየሁ። "አላልኳችሁም?" አለ። ትንሽ ቆይቶም "ለልብስ ሰፊው ንገሪው" አለኝ።

"እነግረዋለሁ።"

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ሞተ። ሃያ አራት ዓመቱ ነበር።

በለቅሶው ሦስተኛ ቀን ለልብስ ሰፊው ነገርኩት፤ አደራ ስለሆነብኝ። ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጦ ነበር፣ መምህሩ ከጎኑ። "የመኪናዋ ዋጋ ስምንት ሺህ ዘጠኝ መቶ ነው ብለው ጽፈዋል። እሱ ነው ትክክል የነበረው፤ ንገሪው ብሎኛል" አልኩት። ልብስ ሰፊው ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። "እኔ ሠላሳ እያልኩ ሳበሽቀው ከረምኩ" እያለ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። መምህሩ ግን አላለቀሰም። ቀና ብሎ አየኝ፣ ረጅም ጊዜ።

ከአርባው በኋላ ፖስታ ቤት መጣ። ሌላ ሰው አልነበረም። መስኮቱ ላይ እጁን አሳርፎ ቆመ፤ ጣቶቹ መካከል የጠመኔ ብናኝ ነበር።

"ዋጋዋን ለማጽናናት ብለሽ ነው የነገርሽው" አለኝ። "ሃያ ሰባት ሺህ እንደሆነች አውቃለሁ። ገና በፊት፣ ትምህርት ቤት ዝግ በነበረ ጊዜ አዲስ አበባ ሄጄ ድርጅቱ ድረስ ገብቼ ጠይቄያለሁ። መጥቼ ልነግረው ነበር። ሲስቅ አየሁትና ተውኩት።"

ቴምብሮቹን አስተካከልኩ።

"ሰባት ዓመት ተኩል ብዬ ያሰላሁለት እያወቅሁ ነው" አለ። "አንድ ነገር ንገሪኝ። ደብዳቤው መቼ ነው የደረሰሽ?"

እውነቱ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። እኔም እንደ እርስዎ አውቅ ነበር፣ እኔም እዚያው ቆሜ ሰምቻለሁ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። በዓለም ላይ ይህን ቃል የሚረዳኝ አንድ ሰው ቢኖር እሱ ነው፣ ፊቴ ቆሟል።

"ከታመመ በኋላ" አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። "እንግዲያው ያን ዕለት የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ" አለ። አምስት ሳንቲም አስቀምጦ አንድ ቴምብር ጠየቀኝ። ቀድጄ ሰጠሁት። በእጁ ደብዳቤ አልያዘም።

ዓመቱ ሲያልቅ ሩቅ አገር ተዛውሮ ሄደ። የሄደ ዕለት አውቶቡሱ ፖስታ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ነበር። ልብስ ሰፊው ሻንጣውን ሲያቀብለው በመስኮት አየሁ። መምህሩም ወደ እኔ ተመለከተ፤ ወጥቼ እንድሰናበተው የጠበቀ መሰለኝ። እጄ ላይ የዚያ ቀን ደብዳቤዎች ነበሩ። አንድ በአንድ ስለይ ቆየሁ፤ ቀና ስል መንገዱ ባዶ ነበር።