የታጠበው ድንጋይ

ከደብረ ብርሃን የወጣሁ ማታ እህቴ ሰላም የጃኬቴን እጅጌ ይዛ አልለቅም አለች። «ሠርጌ ላይ ካልመጣህ ወንድም አለኝ አልልም!» «ሪያድ እኮ በአውሮፕላን ከደሴ ትቀርባለች» ብዬ ሳቅኩባት። ያኔ ኢቃማ የሚሉትን ነገር የት አውቄው።

ኢቃማ የመኖሪያ ፈቃድ ነው። እሱ ከሌለህ ወጥቶ መመለስ የለም። ከፊሌ፣ ማለትም አሠሪዬ ዶክተር ናስር፣ ትንሽ ላቦራቶሪ አለው። የመጀመሪያ ሙከራዬን በውጤት ስጨርስ ኢቃማዬን ሊያወጣልኝ ቃል ገባ።

አገር ቤት ያላችሁ፣ ነዳጅ እንደ ምንጭ ውሃ የሚፈልቅ ይመስላችኋል አይደል? እኔም ይመስለኝ ነበር። ብዙው ግን ድንጋዩ ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል። እኛ የሻማ ቁራጭ የምታህል ድንጋይ ድፍድፍ ነዳጅ አጠጥተን ለሳምንታት ኦቨን ውስጥ እናቆያታለን። ከዚያ መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ ሳሙና መሰል ኬሚካል እየገፋንባት የሚወጣውን ዘይት እንለካለን። ውሃ ያቃተውን ኬሚካሉ ካወጣው ዶክተር ናስር ይደሰታል፣ እኔም ሠርግ እሄዳለሁ።

ድንጋዬ የደረሰ ቀን ከኦቨን አውጥቼ እንዲቀዘቅዝ በሳህን ከመታጠቢያው ገንዳ አጠገብ አስቀመጥኩት። ለዙህር ሶላት ሥራ ቆመ፤ እኔም ምሳ ወጣሁ። ምሳ ስል እንግዲህ ሩዝ ነው፤ ሽሮ የምበላው በሕልሜ ብቻ ነው።

ስመለስ ድንጋዬ ነጥቷል። የጽዳት ሠራተኛችን እትዬ አስቴር አጠገቡ ቆመው እጃቸውን ያደርቃሉ።

«ወንድሜ፣ ይኼ ምን ዓይነት ዘይት ነው? በፈላ ውሃ ዘፍዝፌ፣ በብሩሽ ፈትጌ ነው እሺ ያለኝ» አሉኝ።

ምን ልበላቸው? እኛ አገር ገንዳ አጠገብ ያደፈ ነገር ከተቀመጠ ይታጠባል፣ ማንም አይጠይቅም።  ሠርጉ ግን ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ሌላ ድንጋይ እስኪደርስ ያልፋል።

ዶክተር ናስር ገባ። «ማን አጠበው?»

 ብናገር እትዬ አስቴርን ወደ አገራቸው ይሸኛቸዋል ብዬ ፈራሁ። እሳቸው ግን ዓረብኛቸው ከኔ ይሻላል፤ «ዶክተር፣ እኔ ነኝ። ቆሽሾ ነበር» አሉት።

ድንጋዩን አገላብጦ አየው። «ያን ሁሉ ኬሚካል ሞክረን እንዲህ አልጸዳልንም። በምንድን ነው ያጠብሽው?»

«በሳህን ማጠቢያው።»

ሳቅ አመለጠው። ወዲያው ኮስተር ብሎ ወደ እኔ ዞረ። «የወጣው ዘይት አልተለካም፣ ስለዚህ ኸላስ፣ አይቆጠርም። ያላ፣ ሌላ አዘጋጅ። ኢቃማው ከውጤቱ በኋላ ነው።»

«የእህቴ ሠርግስ?»

«ኢንሻአላህ።»

እዚህ የኖራችሁ ይህች ቃል በምን ድምፅ እንደተባለች ታውቃላችሁ።

የሠርጉ ቀን አዲሱ ድንጋይ ገና ኦቨን ውስጥ ነበር። ከላቦራቶሪው በቪዲዮ ደወልኩ። ሰላም በቬሎ ብቅ አለች። ይኼኔ እትዬ አስቴር ስልኩን ነጥቀውኝ፣ ማሽኖቹ መሃል እልልታውን አቀለጡት። ዶክተር ናስር ደንግጦ ከቢሮው ወጣ፤ ነገሩ ሲገባው በሩ ላይ ቆሞ አጨበጨበ።

«ማናቸው እሳቸው?» አለች ሰላም።

«ድንጋዬን ያጠቡት።»

ታሪኩን ነግሬያት ነበርና ልትስቅ ጀምራ አለቀሰች። «በል ይኼኛውን አታስነካ። ለልጄ ክርስትና እንኳ ድረስልኝ።»

ስልኩ ሲዘጋ እኔም አለቀስኩ፣ አላፍርም። ከዚያ በትልልቁ በአማርኛ «እባክዎ አይንኩ» ብዬ ጽፌ ኦቨኑ ላይ ለጠፍኩ።